ለአማች ደብዳቤ አይጻፍም

ሥራ ተቋራጩ ያን ሰሞን አንድ ቦታ መቆም አቃተው። ከሳይቱ ቢሮ ወጥቶ እስከ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ስልኩን ያያል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። የሚሠራው ክሊኒክ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሏል። ባለቤቱ «ደረጃው ከግራ ወደ ቀኝ ይዙርልኝ» ብሎ አዲስ ንድፍ አዝዟል፤ ንድፉ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣም። ደረጃው በየት እንደሚያልፍ ሳይታወቅ ደግሞ የወለሉ አርማታ አይሞላም።

ባለቤቱ ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ጣጣው የታላቅ እህቱ ባል መሆኑ ነው።

«ደብዳቤ ይጻፉላቸው» አለችው የቢሮው ሒሳብ ሠራተኛ። «ውሉ ሥራ ሲቆም በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቅ ይላል። ሥራው ቆመ እንጂ ወጪው አልቆመም። የአርማታ ማደባለቂያው ኪራይ አለ፣ ጥበቃዎቹ አሉ፣ ፎርማኑ አለ፣ እኔም ቁጭ ብዬ ደመወዝ እበላለሁ።»

«ለጋሼ? ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ? ሊከሰኝ ነው አይሉም? እህቴስ በምን ዓይኗ ታየኛለች?»

«ክስ አይደለም እኮ። እንዲያውቁት ነው።»

«ተይው እባክሽ። ቤተሰብ ነን። ሲያልቅ ቁጭ ብለን እንተሳሰባለን።»

ይህችን «እንተሳሰባለን» የማያውቅ የለም። ስትነገር ትጣፍጣለች። ቀን አትቆርጥም፣ መጠን አትናገርም፣ ሁሉም የየራሱን ሒሳብ በሆዱ ይዞ ፈገግ እያለ ይለያያል።

እሁድ እህቱ ቤት ሄደ። በመንገድ ላይ የሚናገረውን ሲደረድር ነበር። ገና እንደተቀመጠ አማቹ «ሥራው እንዴት ነው?» ሲለው ግን ያ ሁሉ ጠፋበት።

«ምንም አይል፣ ጋሼ። ብቻ ንድፉ ቢፈጥን ጥሩ ነበር» አለና ሳቀ።

«አይዞህ፣ ይመጣል» አለ አማቹ፣ ወሬውም ወደ ሌላ ዞረ።

ንድፉ የመጣው በአራተኛው ወር ነው። ያኔ ተቋራጩ የአራት ወር የማስተዳደሪያ ወጪውን፣ ኪራዩንና ደመወዙን ሁሉ፣ ደምሮ አቀረበ። አማቹ ድምሩን ሲያይ ደነገጠ፣ ከዚያም ተቆጣ፤ «ዘመድ መስሎ ሊዘርፈኝ ነው» አለ። ነገሩ በግልግል ዳኝነት ላይ ወደተቀመጡ አንዲት አንጋፋ መሐንዲስ ደረሰ። እህቱ የወንድሟን ስልክ ማንሳት ተወች። እሱን እንቅልፍ የነሳው ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነበር።

«ሥራው መቆሙን በጊዜው ያሳወቁበት ወረቀት ይኖርዎታል?» አሉት መሐንዲሷ። «አንድም ቢሆን ይበቃኛል።»

አንድም አልነበረውም። የማስረከቢያ ጊዜው ተራዘመለት፣ የወጪ ጥያቄው ግን በጊዜው ባለመጻፉ ውድቅ ሆነ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አብሮት የሠራውን ፎርማን ማሰናበት ግድ ይሆንበታል፤ ከእንግዲህ የሚከፍለው የለውም።

ከግልግሉ አዳራሽ ሲወጡ አማቹ ኮሪደሩ ላይ ደረሰበት። «ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«ነግሬዎት ነበር፣ ጋሼ። እሁድ ዕለት…»

«ንድፉ ቢፈጥን ጥሩ ነበር አልከኝ፤ እየሳቅህ። አንድ ቀን መቆም ስንት እንደሚያስወጣህ መቼ ነገርከኝ? ብትጽፍልኝ እኮ ደረጃው ባለበት ይቅር እል ነበር። ግራም ሆነ ቀኝ ለእኔ ምኔ ነው?»

ተቋራጩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በዝምታው እህቱን ያከበረ፣ አማቹን ያላስቀየመ ይመስለው ነበር። ለካ ሰውየው መወሰን በሚችልበት ጊዜ ማወቅ ያለበትን ደብቆት ኖሯል። ይሉኝታ ብለን የምናሞግሰው ነገር ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ሥራ ሲቆም ያንኑ ሳምንት የተጻፈ አንድ ገጽ ማንንም አያዋርድም፤ ለወዳጅማ ከባዳ ይልቅ ቶሎ ሊጻፍለት ይገባል።

በማግስቱ ሒሳብ ሠራተኛዋን ጠራት። «የክሊኒኩን መስኮቶች ዓይነት ጋሼ ገና አልመረጡም፤ ሰባት ቀን ሆኖታል። የቀን ወጪውን አስገቢና ጻፊልኝ።» ደብዳቤውን በሰው አልላከውም፣ ራሱ ይዞ ሄደ።

በሩን የከፈተችው እህቱ ናት። ፖስታውን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?»

«እንዳንጣላ ነው» አላት።

በሩን እንደያዘች አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ ባሏን ጠራችው፤ «ና፣ መስኮትህን ምረጥ። ወንድሜ ደጅ ቆሟል።»