የጎደለችው አንድ ሰዓት

ባትሪዎቹ ሙሉ፣ የኦክስጅን ማሽኑም እየሠራ፣ ሰው አየር አጥቶ እንዴት ይሞታል?

መርማሪዋ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ግቢው ስትደርስ የጠበቃት ጥያቄ ይህ ነበር። ሟቿ ወንበሮቹ ተነቅለው ቤት በሆነ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ፣ በስተኋላ በተዘረጋ አልጋ ላይ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተኝታለች። ቱቦው ከአፍንጫዋ አልተነሳም። ከአልጋው ሥር ማሽኑ አሁንም ያንጎራጉራል፤ ሊያጠፋው የደፈረ የለም።

«ቱቦው አልታጠፈም፤ ሰውነቷም ላይ ምልክት የለም» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ያለ ማሽኑ ግማሽ ሰዓት የማትቆይ ሴት ነበረች። የሞተችው አየር አጥታ ነው።»

«ማሽኑ ግን ይሠራል።»

«ይሠራል። አንቺም የተጠራሽው ለዚሁ ነው።»

ባሏ ደረጃው ሥር ቆሟል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሽማግሌ ነው። መርማሪዋ አብሯት እንዲገባ ጠየቀችው። ደረጃውን ወጥቶ ሲገባ ግራ እጁ በበሩ አጠገብ ያለውን ቀይ ማጥፊያ ዳበስ አደረገ።

«ምን ነኩ፣ አባባ?»

«እ? ምንም አልነካሁም፣ ልጄ።»

ማጥፊያውን አየት አድርጋ ስለ አውቶቡሷ ጠየቀችው።

«እኔና እሷ ባንድ ቀን ነው ጡረታ የወጣነው» አለ፤ ፈገግታው ግን ከከንፈሩ አላለፈም። «ባለቤቴ "ዕድሜህን ሙሉ መንገድ፣ መንገድ ስትለኝ ኖርክ፤ አንዱንም አላሳየኸኝም" አለችኝ። አሮጌዎቹ ባትሪዎች ማሽኑን ከሁለት ሰዓት በላይ አይችሉትም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት አስቀየርኳቸው። ዛሬ መሞከሪያችን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ አስተኛናት። ቅዳሜ ልንነሳ ነበር።»

«ሲያገኟቸው ማሽኑ ይሠራ ነበር?»

«እንደገባሁ ድምፁን ሰማሁ። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ተኝታለች ብዬ እግሯን ሸፈንኩላት...» ወደ መርማሪዋ ዞረና «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ባትሪ ይቀየር ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት?» አለ።

መርማሪዋ ያላወቀችውን ነገር ተናግራ ሰው ማጽናናት አትወድም። «እስካሁን አላውቅም፣ አባባ» አለችው።

ውጭ የሟች እህት ግቢውን በጩኸት ሞልታዋለች።

«ቤት ጠፍቶ ነው እህቴን ቆርቆሮ ውስጥ የከተታችኋት? ያንን ባትሪ ሠሪ ያዙልኝ! በሽቦ ነው የገደላት!»

«እትዬ፣ እርስዎ መቼ ነው ያዩዋቸው?»

«ሾርባ ይዤላት መጣሁ፤ ሁለት ማንኪያ ቀመሰች። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣሁ። ያ ማሽን እንደ ድመት ያንኮራፋ ነበር። ልጇ አጠገቧ ቀረች።»

ባትሪ ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ ኮረንቲ ይለዋል። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውታል። መርማሪዋ አስለቀቀችውና ከአውቶቡሷ ጎን ያለውን ሣጥን እንዲከፍት አዘዘችው።

«እንደ ሞኝ አስረጅኝ።»

«ሁለት ወገን ነው፣ እህቴ። ይህ የሞተሩ ባትሪ፣ እነዚህ አዲሶቹ ደግሞ የቤቱ፤ ለመብራቱም ለማሽኑም። ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል። ሲጠፋ ይህ ማለያያ መሀል ይገባል፤ አንዱ የሌላውን እንዳይጠጣ። አብረው ይበላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ጓዳ አይከፍትም።»

«ማለያያው ቢበላሽስ?»

«ሁለቱም ደርቀው ታገኚያቸው ነበር።»

የቤቱ ባትሪ መቁጠሪያ ዘጠና አራት ከመቶ ይላል። ሞተሩም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

«በበሩ በኩል ያለው ቀይ ማጥፊያስ?»

«ድሮ የሞተሩን ብቻ ነበር የሚቆርጠው። አሁን የቤቱን አደረግኩት። ትልልቅ ባትሪ ጠንካራ ማጥፊያ ይፈልጋል፤ እሱ ደህና ዕቃ ነው፣ ለምን ይጣላል? ለሽማግሌው ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለሌሎቹስ?»

ኮረንቲ ጫማውን አየ። «እሳቸው ይነግራሉ ብዬ ነዋ።»

«እኔ እስክጠይቅህ ድረስ ይህን ለማንም አትድገም።»

ልጅቷ ከሽማግሌው አባቷ መሥሪያ ክፍል ደጃፍ፣ ብረት ክምር ላይ ተቀምጣለች። ሩቅ አገር ስትማር ሰባት ዓመት ቆይታ የመጣችው ከትናንት ወዲያ ነው። አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ረዳቴ ይላታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብራው እየተሳፈረች በር ትከፍት፣ በር ትዘጋ ነበር።

«እማዬ እንቅልፍ ወሰዳት» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ በጣቶቼ ጫፍ ወጣሁ። በሩ እንዳይቀሰቅሳት ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት። ከዚያ መድኃኒቷን ላመጣ ወደ ከተማ ሄድኩ።»

«ስትወጪ የነካሽው ነገር አለ?»

«ግንባሯን» አለች።

መርማሪዋ ተመልሳ አልጋው ሥር ተንበረከከች። ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ አለው። ማጣሪያው የሚቀየርበት ቀን እንዳያልፍ ሽማግሌው በየጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። የጧቱ ጽሑፍ «4112» ይላል። መርማሪዋ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ከጧቱ ወዲህ ስምንት ሰዓት አልፏል። ቆጣሪው ላይ ያለው ግን 4119 ነው። ሁለቴ ቆጠረችው። ከዚያ ደብተሩን ዘጋች።

በማግስቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አራቱንም አውቶቡሷ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አልጋው ባዶ ነው፤ ማሽኑ ግን ተከፍቷል። ልጅቷን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«ባትሪዎቹ አልደከሙም፤ ማለያያውም ሥራውን ሠርቷል» አለች። «ይህ ሰው አልገደላቸውም።» ኮረንቲ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ማሽኑ ግን ትናንት አንድ ሰዓት ጎድሎበታል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ድምፁን ሰምተዋል። ዘጠኝ ላይ አባባ ሰምተዋል። ስለዚህ የጠፋው በመሀል ነው። ጠፍቶ፣ እንደገና ተከፍቷል።»

«መብራት ሲቋረጥበት ይጮሃል እኮ!» አለች የሟች እህት።

«ይጮሃል፤ አሥር ደቂቃ ጮሆ ይደክማል። አባባ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ የት ነበሩ?»

«ብረት እየቆረጥኩ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ዝቅ ያለ ደረጃ ልሠራላት... ይህኛው ያደክማታል ብዬ።» የቆረጠውን ብረት ድምፅ አሁን የሰማው ይመስል ጆሮውን ያዘ።

«የቀረውን ውጭ ነው የማሳያችሁ። እንውረድ።»

መርማሪዋ ቀድማ ወርዳ ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። የሟች እህት ወረደች፤ ኮረንቲ ተከተለ። ሽማግሌው መጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ገባውና ዞረ።

«ቆይ፣ ልጄ...»

ዘገየ። ልጅቷ እያነባች፣ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትወርደው። እጇ ግን በራሱ ጊዜ ወደ በሩ ጎን ሄዶ ቀዩን ማጥፊያ አዞረ። የአውቶቡሷ መብራት ጠፋ። ከውስጥ የማሽኑ ጩኸት ተነሳ።

ልጅቷ መጀመሪያ ወደ ጩኸቱ፣ ቀጥሎ ወደ እጇ አየች። ኮረንቲ ዘሎ ማጥፊያውን መለሰው።

«ትናንትም እንዲሁ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ብረት መቁረጫው የማሽኑን ጩኸት ዋጠብሽ፤ ብረት መቁረጫው የማሽኑን ጩኸት ስለዋጠው አልሰማሽም፤ ማጥፋትሽንም አታስታውሽም። አውቀሽው ያደረግሽው ነገር አይደለም። አባባም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲገቡ መልሰው ከፍተውታል፤ እሳቸውም አያስታውሱም። ትናንት እኔ ፊት ሲነኩት እንኳ ምንም አልነካሁም ነው ያሉኝ። የሹፌር እጅ ነው።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለ ሽማግሌው። «የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች። "ረዳቴ፣ መጨረሻ የወረደ ያጥፋ፤ አለዚያ ነገ አንነሳም።" ስትረሳ ከመንገድ መልሼ አስጠፋት ነበር። ሽቦው መቀየሩን ለምን አልነገርኳት? ማን ይነካዋል ብዬ ነው።» ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ጠይቄሽ ነበር። ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ። «አየር ስታጣ ነቅታ ይሆን? ጠርታኝ ይሆን?»

ይህን ለመመለስ ቆጣሪ አልነበረም። ትናንት ስትጮህ የዋለችው አክስቷ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ግን የራሷን እጅ ከሰው ሁሉ አርቃ ይዛ ከግቢው ወጣች።

መርማሪዋ መዝገቡ ላይ «አደጋ» ብላ ጽፋ ዘጋችው። ኮረንቲ ነፃ ወጣ፤ ያንን ማድረግ የሚቻለው እውነቱን አውጥቶ ብቻ ነው ብላ ለራሷ ብዙ ጊዜ ነገረች። ብዙ ጊዜ መንገሯ ራሱ እንዳላመነችው ያሳብቅባት ነበር። ለልጅቷ ለብቻዋ፣ ቀስ ብሎ መንገር አይቻልም ነበር? ሌላ ማረጋገጫስ ፈልጋ ነበር?

ልጅቷ ከቀብሩ በኋላ ማንንም ሳትሰናበት ሄደች። ወዴት እንደሄደች አክስቷም አላወቀችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ፣ ባንድ ጣቱ ሲጽፍ አረፈደ። ሁለቴ አጠፋው፤ ሦስተኛውን ላከው።

«ልጄ፣ እናትሽ አትቀየምሽም፤ እሷን ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም። እኔ ላይ ተቆጪ። ያለሽበትን ካልፈለግሽ አትንገሪኝ። ደህና ነኝ ብቻ በይኝ።»

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳየው። እስኪመሽ ጠበቀ፤ በማግስቱም ጠበቀ። መልስ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም።