ሳይበራ የሞቀው ክፍል

ያን ምሽት በክፍሉ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች ልንገራችሁ። ልጄ ሕሊና አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታለች፣ ባሏ ዳዊት ስልኩን በእጁ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መስፍን ግድግዳው ላይ ካለው ቴርሞስታት ፊት ቆሞ ክዳኑን ሊፈታ ካቻቢቴውን አውጥቷል፣ እኔ ደግሞ በሩ ላይ ነበርኩ፣ አንድ እግሬ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ኮሪደሩ ላይ። ከእነዚህ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰው ስል ሰው ማለቴ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከመቀመጫዬ የምነሳ ሴት ነኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ወንዝ ዳር ጥላና ስለ ባዶ ቤት ኮቴ ሲያወራ፣ ወደ ሌላ ጨዋታ እስኪያልፉ ድረስ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ አጥባለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው የሠራሁት፣ እዚያ ደግሞ ሽቦ ከሽቦ ካልተገናኘ ድምፅ አይሄድም፣ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የምነግራችሁን ማመን ቢያቅታችሁ አልቀየማችሁም፣ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ወደ ብርጭቆዬ ነበር የምሄደው።

ነገሩ የጀመረው በሕፃኗ ነው። የልጅ ልጄ ማርታ፣ ያኔ ክርስትና ስላልተነሳች ሁላችንም ሕፃኗ ነበር የምንላት፣ ከቀኗ ቀድማ በክረምት ተወለደች፣ ስታቅፏት ከሁለት ኪሎ ስኳር ብዙም አትከብድም። ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ሰነበተች፣ ልትወጣ ስትል ሐኪሟ አጠገባችን ቁጭ ብላ፣ "ይቺ ልጅ ቢርባት ታለቅሳለች፣ ብርድ ቢነካት ግን ጉልበቷ ያልቅና ዝም ነው የምትለው፣ ስለዚህ ክፍሏ እንዳይቀዘቅዝ፣ እንዳይግልም፣ ሌት ተቀን አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑረው" አለችን። ይህ አነጋገሯ እንቅልፍ ነሳኝ። ከብስራተ ገብርኤል ልብሴን በሻንጣ ይዤ ልጄ ቤት ገባሁ።

ቤታቸው ለቡ መብራት ኃይል ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች አንዱ፣ በክረምት ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ሠርቶ የሸጠላቸው ሰው ኮርኒሱ ውስጥ ሙቅም ቀዝቃዛም የሚነፋ ኤሲ አስገብቶበታል፣ መቆጣጠሪያው ግን ገና ሲረከቡት የማይሠራ ስለነበረ ማንም አብርቶት አያውቅም። ዳዊት ሂተር እንግዛ አለ፣ እኔ ደግሞ ቀይ ሽቦ ያለው ሂተር አየሩን ያደርቀዋል፣ ማንስ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳ ሊያበራ ሊያጠፋ ነው አልኩ። እንዲህ ስንባባል ነው የክፍሉን ሙቀት እየለካ ኤሲውን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ብልጥ ቴርሞስታት የሚባል ነገር መኖሩን ዳዊት ስልኩ ላይ ያገኘው።

እመኑኝ፣ በዕድሜዬ ለራሴ ጫማ ስመርጥ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጀሞ አንድ ሱቅ ገባን፣ ሻጩ ባንኮኒው ላይ ደረደረልን፣ ክብ አለ፣ አራት ማዕዘን አለ፣ መስታወት የመሰለ አለ።

"እማማ፣ ይሄኛው ነው ብልጡ" አለኝ ክቡን እያሽከረከረ፣ "ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ያውቃል፣ የሚወዱትን ሙቀት በራሱ ይማራል፣ ሌላ አገር ቢሆኑ እንኳ ስልክዎ ላይ ያዩታል።"

"ሌላ አገር አልሄድም። መብራት ሲጠፋስ?"

"መብራት ሲጠፋማ ሁላችንም ያው ነን፣ ብልጡም ሞኙም።"

ዳዊት ሳቀ። እኔ ሻጩን፣ "ባትሪ ያለው አምጣ፣ ቁጥሩም ከበር ላይ ሆኜ ያለ መነጽር የማነበው ይሁን" አልኩት።

"እማማ፣ ኢንጂነር ነዎት እንዴ?"

"አያት ነኝ።"

ነጩን፣ ቁጥሩ የግድግዳ ሰዓት ያህል የሚታየውን መረጥኩ። ሻጩ እየጠቀለለልን፣ ኤሲው ኮርኒስ ውስጥ ከሆነ ሲሠራም አትሰሙትም፣ ጸጥ ነው አለን። ይህችን አነጋገሩን ያዙልኝ።

መስፍን የመጣው ሕፃኗ ወደ ቤት በምትገባበት ዋዜማ ነው። ወሬኛ ነው፣ እጁ ግን ፈጣን። መስኮቱ አጠገብ ብርዱ ያታልለዋል፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳም አይሆንም ብሎ የውስጠኛውን ግድግዳ መረጠ፣ በሳ፣ ገጠመ፣ ከዋይፋዩ ጋር አስተዋወቀው፣ ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ ሞላው፣ የቀረችኝን ነገር መጥቼ እጨርሳለሁ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሕፃኗ መጣች፣ እንኳን ስለ መስፍን ስለ ራሳችንም አላሰብንም።

ክፍሉ ሞቀ። እንዴት ያለ ሙቀት መሰላችሁ፣ ከላይ የሚወርድ ሳይሆን ከታች የሚነሳ፣ እርጥበት ያለው፣ ሰው ጎን ሲተኙ እንደሚሰማው ዓይነት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሳሎን ጋቢ ደርበን ነው የምንቀመጠው፣ የሕፃኗን በር ስንከፍት ግን ሃያ ስድስት። ከኮርኒሱ ምንም ድምፅ የለም፣ ይህንንም የዕቃው ጥራት ነው አልን። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ዳዊት ስልኩን አውጥቶ "አማቴ የመረጡት ነው" እያለ ያሳያል፣ እኔ ፊቴ እንዳይታይ ዞር ብዬ መጋረጃ አስተካክላለሁ። የሕፃኗ ጉንጭ ሞላ፣ ሚዛን ላይ በወጣች ቁጥር እናጨበጭብ ነበር፣ ቤቱ የሠርግ ሰሞን ነው የሚመስለው።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ለሕሊና የሽንት ጨርቅ ሳቀብላት ነው፣ ረዘም ያለ ትንፋሽ፣ ከወለሉ አካባቢ፣ ፉ... ከዚያ ዝም፣ ቆይቶ ደግሞ ፉ። ማሽኑ ነው አልኩ። ሌላ ቀን አመሻሽ ላይ ቀስ ብሎ የሚታኘክ ነገር ሰማሁ፣ ይህንንም ማሽኑ ነው አልኩ። ሽታም ነበረ፣ እርጥብ ሣርና ትኩስ ወተት፣ ሕሊና "እኔ ነኝ እማዬ፣ ጡቴ እየፈሰሰ ነው" ብላ ሳቀች፣ እውነቷን ነው፣ የምታጠባ ሴት ባለችበት ወተት ቢሸት ምን ይገርማል። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ እስኪመሽ ሳይመጣ ቀረ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ዳዊት "ግድግዳው ሙቀት ይይዛል ማለት ነው" አለ፣ እኛም ግድግዳውን አመሰገንን።

ከጀርባችን የሚኖሩት አደ ጫልቱ፣ አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ ሕፃኗን ሊያዩ ቅቤ ይዘው መጡ። መሬቱ ሁሉ የእነሱ ቤተሰብ እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚያው ያሉ ሴት ናቸው፣ አሁን ልጆቻቸው የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። ከበሩ ወደ አልጋው መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መሃሉ ላይ ምንጣፍ እንኳ የለም፣ እሳቸው ግን መሃል ሲደርሱ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በመስኮቱ በኩል ዞረው አለፉ፣ ሲመለሱም እንደዚያው።

"ምነው ዞሩ፣ አደ ጫልቱ?" አልኳቸው ስሸኛቸው።

"ዞርኩ እንዴ?" አሉና ወደ ኋላ አዩ። "ብቻ ልጅቷን ይሙቃት።"

ይህን ብለውኝ ሄዱ።

እንግዲህ ያን ምሽት፣ ገና ራት ሳይቀርብ፣ መስፍን ጃኬቱ እየተንጠባጠበ ከዝናቡ ሮጦ ገባ፣ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ ይዟል።

"ዳዊት፣ ይቅርታ በጣም፣ ገመዱ ከገበያ ጠፍቶ ዛሬ ነው ያገኘሁት። በሂተር ነው የቆያችሁት?"

"የምን ሂተር?"

"ክፍሉን በምንድነው የምታሞቁት?"

"በዚህ ነዋ፣ አንተ በገጠምከው።"

መስፍን የሚቀልድበት መሰለው። "ይሄማ ሙቀቱን እያነበበ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳይህ። ከኤሲው ጋር አላገናኘሁትም እኮ። ደውዬ ነግሬህ የለ? እሺ እሺ አልከኝ።"

"የሆስፒታል ወረፋ ላይ ሆኜ እሺ ያልኩትን ትቆጥረዋለህ?"

ክዳኑን ፈታው፣ እኛም ቀድሜ እንደነገርኳችሁ በየቦታችን ሆነን እናያለን። ወደ ኤሲው መሄድ የነበረበት ሽቦ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። መስፍን ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ የኤሲውን ኃይል የሚቆርጠውን ብሬከር አየ፣ እሱም እንደወረደ ነው። ተመልሶ እጁን እያሻሸ መሃል ቆመ።

"ታዲያ ይሄ ሙቀት ከየት ነው የሚመጣው?"

ከእግሩ አጠገብ፣ ከወለሉ፣ ፉ... አለ።

ሁላችንም ሰማነው። አሁን ማሽኑ ነው የሚል ሰው የለም። መስፍን ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እኔ ሁለት እርምጃ ገባ ብዬ እጄን ወደ ታች ዘረጋሁ፣ ሙቀቱ ወደ መሃል በሄድኩ ቁጥር ይጨምራል፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፣ በዚያ ብርድ ከብቱና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ነበር የሚያድረው፣ ሕፃናትን በከብቱ በኩል ያስተኙናል፣ ትንፋሹ እንዲያሞቀን። ያን ድምፅ እንቅልፍ ላይ ሆኜም አውቀዋለሁ። ወደ በሩ ተመለስኩ።

"አገናኘው፣ አሁኑኑ" አለ ዳዊት።

"አይሆንም" አለች ሕሊና። "እየወፈረችልኝ ነው። ምንም ይሁን ምን አትንኩት።"

"ምንነቱን ሳናውቅ?"

"ኤሲውንስ ምንነቱን ታውቀዋለህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ ስታሞግሰው የኖርክ ሰው።"

መስፍን ሊስቅ አለና ተወው። ዳዊት ወደ እኔ ዞረ፣ "ማዘር፣ እርስዎ አንድ ነገር ይበሉ።"

ሰው ሁሉ ያየኝ ጀመር። ስሙን ደፍሬ የማልጠራው ነገር ላይ ጨቅላ ልጅ ጥዬ እንዴት እተኛለሁ፣ ነገ ቢሄድስ፣ ማንን ነው የምከሰው ብዬ አሰብኩ።

"አገናኘው" አልኩ።

ሕሊና ፊቷን አዞረችብኝ። መስፍን ናስትሮውን ልጦ ሽቦውን ባመጣው ገመድ ከኤሲው ጋር አሰረ፣ ብሬከሩን አነሳ፣ ለሙከራ ኤሲው እንዲያደርስ የሚፈለገውን ሙቀት ሃያ ስምንት ላይ ሞላው። ከኮርኒሱ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ነገር ተነሳ፣ አቧራ ወረደ፣ ከአቧራው በኋላ ትኩስ አየር። እጄን አንስቼ ሞከርኩት፣ ያቃጥላል ማለት ይቻላል። ግድግዳው ላይ የክፍሉን ሙቀት የሚያሳየው ቁጥር ግን ከሃያ ስድስት ወደ ሃያ አምስት ወረደ።

"ሲጀምር እንደዚህ ነው" አለ መስፍን።

ሃያ አራት።

ከወለሉ አንድ ከባድ ነገር ሲነሳ ሰማን፣ ደንግጦ እንደሚነሳ፣ መጀመሪያ በኋላው፣ ከዚያ በፊቱ፣ ሴራሚኩ ላይ እያንዳንዱ እግሩ ሲረግጥ ይለያል። የአልጋው ልብስ ጠርዝ ተነቃነቀ። ወደ በሩ፣ ወደ እኔ መጣ። እመኑኝ፣ መሸሽ አላሰብኩም፣ ጊዜም አልሰጠኝም፣ ወገቤን ገፍቶ ከበሩ ፍሬም ጋር አጣበቀኝ፣ እጄ ጀርባ ላይ እርጥብ ትንፋሽ ተሰማኝ፣ አለፈ። መስፍን ሳይቆልፈው የገባው የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ተከፈተና የዝናቡ ብርድ እስከ ኮሪደሩ ገባ።

ሃያ ሁለት። ኤሲው ከላይ ትኩሱን ይነፋል። ሃያ አንድ።

"እማዬ" አለች ሕሊና፣ እጇን የሕፃኗ መጠቅለያ ውስጥ አስገብታ፣ "እግሯ እየቀዘቀዘ ነው።"

መስፍንን ኤሲውን አጥፋው አልኩት። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ተመልሶ እንዲገባ በሮቹን ሁሉ ክፍት ትቼ ልፈልገው ወደ ዝናቡ ወጣሁ።