በየአሥር ደቂቃው አንድ ፉጨት

«ቅጠሉ ደርቋል?» አለ ከኋላዋ የመጣው ድምፅ።

«ገና ለምለም ነው» አለች፣ ዞር ሳትል።

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ቦታው ግን ልክ አልነበረም። ስምንት ወር ሙሉ የተገናኙት ቦዲቲ ገበያ፣ ግርግር መሐል ነው። ዛሬ አለቃዋ ዋርካ ከተበላ ከተማ በላይ ወዳለው ጫካ ራሱ መጥቷል። «ዋርካ» የምስጢር ስሙ ነው፤ ሌላ ስም ነግሯት አያውቅም።

እሷም በጥናት ጣቢያው ፋንታዬ ትባላለች። ጉሬዛዎች ምን እንደሚበሉ፣ ማን የማንን ቅማል እንደሚለቅም በደብተር የምትመዘግብ ጭምት ተማሪ። እውነተኛ ሥራዋ ግልገል ጉሬዛ እየሰረቀ ወደ ውጭ የሚሸጠውን ሰው መያዝ ነው። ሦስት ግልገሎች ጠፍተዋል። አራተኛው ትናንት ሲጠፋ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ሌባውን አንስቶታል። በታዘዘችው መሠረት የካሜራውን ካርድ ሳትከፍት ሪፖርት አደረገች።

«ካርዱን አምጪ» አለ ዋርካ።

«ለምን እዚህ ድረስ መጡ?»

«ስልክሽ አልሠራ ብሎኝ ነው። ይህን ጫካ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ መንገዱ አጥንቴን ሰባበረው።»

ያኔ የጉሬዛዎቹ መንጋ መሪ ከበላያቸው ካለው ዛፍ ጫፍ አገሳ።

እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ነጥቀው ወደ ላይ ሸሹ። ቅርንጫፉ ተንኮሻኮሸ፤ ቅጠል ዘነበ።

ፋንታዬ ቀና ብላ አየቻቸው። ስምንት ወር አብራቸው ተቀምጣ ሰው እንዳይፈሩ አስለምዳቸዋለች፤ ጥናቱ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሶዶ የመጡ ሃያ ተማሪዎች ከዛፉ ሥር ሲንጫጩ እነሱ ቅጠላቸውን እያኘኩ ነበር። እንግዳ አያስደነግጣቸውም። የሚያስደነግጣቸው አንዴ የበደላቸው ሰው ነው።

ይህ ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል።

 መንጋው የት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር በየሳምንቱ የምትነግረው ለማን ነበር? ሌባውን መንገድ እየመራች ያመጣችው እሷው ናት። በራሷ አፈረች።

በዓይኗ ዙሪያውን ቃኘች። ከኋላዋ ገደል። ግራና ቀኙ እሾህ። መውጫው አንድ ቀጭን መንገድ ነው፤ እሱም ላይ ዋርካ ቆሟል፤ ከዋርካ ወዲያ የመጣበት ፒክአፕ። ስልኳ እውነትም ኔትወርክ የለውም።

የእጅ ሰዓቷ ጢጥ አለ።

በየአሥር ደቂቃው ያየችውን ትመዘግባለች። ከዚያ አንዴ ታፏጫለች፤ ከወንዙ ማዶ የጣቢያው መንገድ መሪ ጋሽ አንጁሎ በፉጨት ይመልሳል። ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ፉጨት በተከታታይ ከቀረ አንጁሎ የጫካ ጠባቂዎቹን ይዞ ይመጣል፤ ነብር ስላለ የጣቢያው ደንብ ነው። ስንቱን ዝርዝር ለዋርካ ስትጽፍ ይህን አልጻፈችም። እንደ መተንፈስ ስለለመደችው ቁም ነገር አልመሰላትም ነበር።

እጇን ወደ ደብተሩ ስትሰድ ሽጉጡ ወጣ።

«ድምፅ እንዳታሰሚ» አለ ዋርካ።

«እሺ» አለች።

እንደዚያን ቀን ከልቧ ታዝዛ አታውቅም።

«አንተ ነህ?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። እርስዎ ማለቱ አበቃ።

«ጦጣ ነው እኮ። ሰው አልሸጥኩም።»

«ጉሬዛ ነው።»

«ካርዱ!»

«ጫማዬ ውስጥ ነው።»

የጫማዋን ክር በዝግታ ፈታች። ያወጣችው ሌላ ካርድ ነበር፤ አራት መቶ የወፍ ፎቶ ያለበት። ዋርካ ስልኩ ውስጥ ከተተው። በአንድ እጁ ሽጉጡን ይዞ በሌላው ፎቶዎቹን መግፋት ጀመረ። ወፍ። ወፍ። ደግሞ ወፍ።

ሰዓቷ ሁለተኛ ጊዜ ጢጥ አለ።

አላፏጨችም።

«ትቀልጃለሽ?» አለ ዋርካ በመጨረሻ፣ ካርዱን ወርውሮ። ሽጉጡን ግንባሯ ላይ ደገነ።

ከኋላው አራት ሰዎች በቁጥቋጦው መሐል ሲመጡ ከላይ አንድም ጉሬዛ አልጮኸም። አንጁሎንና ጠባቂዎቹን እንደ ዘመድ ያውቋቸዋል።

የአንጁሎ ዱላ የዋርካን ክንድ አገኘው። ሽጉጡ ወደቀ። የቀሩት ሦስቱ ተረባርበው በገመድ አስረው ከዛፉ አራቁት።

ፒክአፑ ላይ፣ ከከሰል ጆንያ ሥር፣ ትንሽ ቅርጫት ነበረች። ውስጧ ትናንት የጠፋው ነጭ ግልገል ይተነፍሳል። ፋንታዬ ወስዳ ከዛፉ ሥር አኖረችው።

እናቱ ወረደች። ፋንታዬ እጇን ብትዘረጋ ትነካት ነበር። ግልገሏን አቀፈች፤ ከዚያ እዚያው ሰዎቹ መሐል ቁጭ ብላ ታሸትተው ጀመር።

«አየሽ ልጄ?» አለ አንጁሎ። «እናቱ አንቺን አምና ነው የወረደችው።»

ማመኗ ነበር ችግሩ። ዋርካ ተያዘ እንጂ ገዢዎቹ አልተያዙም፤ ነገ ሌላ ሰው ይልካሉ። እሱም ሲመጣ እናትየው እንዲህ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።

ፋንታዬ ድንጋይ አነሳች።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይወርውሩ።»

«እኔ? ይህን ሁሉ ጊዜ ላለምዳቸው ለፍቼ?»

«ይወርውሩ ጋሼ።»

ግንዱን መታችው። ደገመች። እያለቀሰች ደጋገመች። አንጁሎም ፊቱን አዙሮ ወረወረ። መሪው አገሳ። እናትየው ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሽቅብ በረረች፤ መንጋው ተከትሏት ከዓይን ጠፋ።

ፋንታዬ ደብተሩን ከፈተች።

አራት ሰዓት ከአሥር። የማስጠንቀቂያ ጩኸት። ምክንያት፦ ፋንታዬ።

ደብተሩን ለአንጁሎ ሰጠችው። ሚኒባስ ስትሳፈር እውነተኛው ካርድ ኮፍያዋ ጠርዝ ውስጥ እንደተሰፋ ነበር። የተበላ ገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ ሞልቷል፤ ስኳር ድንች የያዘች ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

«ዓይንሽ ቀልቷል፤ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለቻት ሴትዮዋ።

«አይ፣ አቧራ ነው።»

«አይዞሽ። ስምሽ ማነው?»

ሌላ ስም ነገረቻት።