የቶርኪል ባልዲ

ቶርኪል ሞቶ የተገኘው ማለዳ ነው፤ ከአርቲስቶቹ ቤት ቁልቁል፣ ገግሮ በረዶ በሆነው ባሕር ላይ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። አጠገቡ በረዶ የሞላበት ባልዲና የአዳኙ የኡሳርቃቅ በረዶ መስበሪያ ዘንግ ወድቀዋል።

ቤቱ ከሩቅ አገር መጥተው «መንፈሳቸውን ለሚያድሱ» አርቲስቶች የተሠራ ነው። እኛ እዚህ ግሪንላንድ ጫፍ የምንኖረው ሰዎች መንፈስ ሲታደስ አላየንም፤ ያየነው ሲያዛጉ ነው። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። ዴንማርካዊው ቶርኪል ብቻ ቤቱን እያስተዳደረ አሥራ ሁለት ክረምት አብሮን ከርሞ ሰው ሆኖ ነበር።

መርማሪዋ ናቫራና ስትደርስ እንግሊዛዊው ቀራፂ ክሪስፒን ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«ለሻይ በረዶ ላምጣ ብሎ ወጣ። ያ አዳኝ ዘንጉን ይዞ ሲከተለው በመስኮት አይቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ሲናደዱ ያውቋቸው የለ?»

«አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ነኝ» አለች።

ፈረንሳያዊቷ ሰዓሊ ሶላንዥ ቀጥላ ቃሏን ሰጠች። «ትናንት ከክሪስፒን ጋር ተጣልተው ነበር። ቶርኪል ‹ለለንደን እጽፋለሁ› ሲል ሰማሁ። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ኡሳርቃቅ ዘንጉ የእሱ መሆኑን አልካደም። «ደጄ ላይ ተደግፎ ነው የሚያድረው፣ እትዬ። ማንም ያነሳዋል። የልጄ እናት ሞታለች፤ እኔ ከታሰርኩ ማን ያሳድጋታል?»

ናቫራና ከባልዲው ጥቂት ቁራጭ በረዶ ወስዳ ወጥ ቤት ገባች፤ ሻይ አፍልታ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

ሶላንዥ ገና ስትቀምሰው ተፋችው። «ይሄ ጨው ነው።»

«የባሕር በረዶ ነዋ። ለሻይ የሚሆነው እዚያ ማዶ ከቆመው የበረዶ ተራራ ነው የሚፈለጠው። ቶርኪል አሥራ ሁለት ዓመት ፈልጦታል፤ ይሄን ባልዲ እሱ አልሞላውም። ለሻይ የወጣ እንዲመስል ገዳዩ ሞላው። ኡሳርቃቅ ደግሞ ይህን በልጅነቱም አይሳሳትም ነበር።»

«ሶላንዥስ?» አለ ክሪስፒን።

«መዳፏን እየው፤ በየሳምንቱ ስትፈልጥ ውሃ ቋጥሯል። ያንተ ተራ ግን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የበረዶ ፈለጣ ዝርዝር አራት ወር ሙሉ ተሰርዟል፤ ‹ሥራ ላይ ነኝ› ተብሎ። እስቲ ሥራህን እንየው።»

ለለንደን ኤግዚቢሽን የታሸገውን ሳጥን ከፈተችው። ከአጥንት የተቀረጹ ድቦችና ወፎች ወጡ፤ በሁሉም ሆድ ላይ የክሪስፒን ስም አለ።

ኡሳርቃቅ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ። «እኔ የቀረጽኳቸው ናቸው፤ ለማየት ብለህ ነበር የተዋስከኝ» አለው ክሪስፒንን።

«ቶርኪል ደረሰበት፤ ሊያጋልጠው ሲል ክሪስፒን ገደለው» አለችው ናቫራና። «ባንተ ዘንግ የገደለውም አንተ እስር ቤት ሆነህ ‹የእኔ ነው› ብትል የሚሰማህ ስለሌለ ነው።»

ክሪስፒን እጁ ላይ ካቴና ሲገባ እንኳ ኩራቱ አልለቀቀውም። «የእኔ ስም ባይኖርበት ማን ይገዛው ነበር?»

ኡሳርቃቅ ትንሹን ድብ በመዳፉ ይዞ አየው።

«ማን ሊሸጠው?» አለ። «የልጄ መጫወቻ ነው።»