ሦስቱ ዙር

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ሰዎች አንዷ ነበርኩ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ መምህር ነኝ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር ለልጆቻችን ፊደል አስቆጥራለሁ፣ ተማሪዎቼንም «ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» እያልኩ ነው የማደርቃቸው። ለዚህኛው እኔም ማስረጃ የለኝም። የሆነውን ግን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

ያሳደገኝ አጎቴ ጋሼ ታደሰ ነው። እዚያው ሎስ አንጀለስ አጠገብ ኢንግልዉድ እንኖር ነበር፣ ታክሲ ይነዳል፣ ሲራመድ ግራ እግሩን ጎተት ያደርጋል፣ ቀበቶው ላይ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ ስለሚያንጠለጥል ከእሱ በፊት ቁልፉ ነበር የሚደርሰው። ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ሮም ውስጥ ወረቀቱን ሲጠብቅ ወራት ቆይቷል፣ ሥራ ስላልነበረው በጥንቱ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ውስጥ በየቀኑ ሰባት ዙር ይሄድ ነበር። ለምን ሰባት? ላብራራ፣ የሮማውያኑ ሠረገሎች ሜዳውን ሰባት ጊዜ ይዞሩ ነበር፣ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር ለመቁጠሪያ ከመሃሉ መደብ ላይ አንድ የእንቁላል ቅርጽ ይወርድ ነበር።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሮም ለመሄድ ቲኬት ከቆረጥኩ በኋላ ጋሼ ታመመ። ልቅር ስል ተቆጣኝ።

«ካንስል እንዳታደርጊ፣ ቲቸር።»

«አንተ ተኝተህ እኔ ልዝናና?»

«የምተኛው እኔ፣ አንቺ ምን ቸገረሽ? ይልቅ ሰባቱን ዙር ዙሪልኝ። ደግሞ አውቅሻለሁ፣ አራተኛው ላይ ትቀመጫለሽ።»

ሄድኩ። ሜዳው፣ እመኑኝ፣ ሲያዩት ያሳዝናል፣ ረጅም የሣር ጎድጓዳ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት የጡብ ፍርስራሽ፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች፣ ያ ሁሉ ጩኸት የት ገባ ያሰኛል። የአክሱም ሐውልታችንም ከመመለሱ በፊት የቆመው በዚያው ጫፍ በኩል ነበር። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ እንደተባልኩት አራተኛውን ዙር ስጨርስ አቃተኝና መንገዱን በጀርባዬ አድርጌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቤት ደወልኩ። የጋሼ ባለቤት እትዬ አልማዝ አነሳች። እዚያ ገና ጠዋት ነው፣ ቤቱ ግን በሰው ድምፅ ሞልቷል።

«ጋሼን አቅርቢልኝ።»

«ተኝቷል፣ የኔ ልጅ።»

«በደወልኩ ቁጥር ተኝቷል።»

«መድኃኒቱ ነው።»

«ማነው የመጣው?»

«ጠያቂ ነው።»

«እሺ፣ ሲነሳ ሰባቱንም ዞራለች በዪው።» ዋሸሁ።

«እነግረዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

ብዙም አልቆየ፣ ከኋላዬ ጠጠሩ ላይ ኮቴ ሰማሁ፣ ከኮቴው ጋር የቁልፍ ዘለላ፣ ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርግ ሰው አረማመድ። ዞር ስል ማንም የለም። የሜዳው ቅርጽ ድምፅ ያስተጋባል ብዬ ለራሴ አብራራሁ። አንድ ዙር አሥራ ስምንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰዓት ይዤ ነበር፣ ልክ በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ እንደገና አለፈ። መንገዱ እንደገና ባዶ ነው። በሦስተኛው ግን አላለፈም፣ ከጀርባዬ ቆመ። ቁልፉ ዝም አለ። ጋሼ ሊቀልድብኝ ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ጠረገ። እኔም ፈርቼ ሣሩ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። አልዞርኩም።

ሎስ አንጀለስ በተመለስኩ ማግስት፣ ሳይነጋ የቤቴ በር ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን እትዬ አልማዝንና ዘመዶችን ሳይ ማንም ሳይናገር ገባኝ። መቼም እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም፣ ሰው ባዕድ አገር ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ ተብሎ ነው፣ ይህንንም ለተማሪዎቼ በጎ ልማድ ነው ብዬ አስረድቼ አውቃለሁ። ጋሼ ያረፈው እኔ በሄድኩ በማግስቱ ነበር። ሜዳው ውስጥ ተቀምጬ የደወልኩ ዕለት ሰባተኛ ቀኑ ነበር፣ ቤቱን የሞላው ሰው ለዚያ ነበር የመጣው።

«መልእክትሽን አድርሻለሁ» አለችኝ እትዬ አልማዝ እያለቀሰች። «ስልኩን እንደዘጋሁ ፎቶው ፊት ቆሜ፣ ልጅህ ሰባቱንም ዞራልሃለች አልኩት።»

አራት ብቻ እንደዞርኩ እስካሁን አልነገርኳትም።

አሁን ፊደል ሳስቆጥር በኮሪደሩ ቁልፍ የያዘ ሰው ሲያልፍ ማስተማሬን አቋርጬ እዞራለሁ፣ ልጆቹ ለምደውኛል፣ ይስቁብኛል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቁልፍ ሲቅጨለጨል ከእኔ ቀድመው የዞሩት እነሱ ናቸው፣ ኮሪደሩም ባዶ ነበር።