ከቦሌ እስከ ጓንጆ

ሳነቴ ተራራ አናት ላይ ስልኳ ጮኸ።

እስከዳር መኪናዋን ዳር አስያዘች። ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖታል። ከኋላ፣ ወለሉ ላይ፣ ዘይነዲን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ጎባ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሲስተር ይሏታል። በስውር የምትሠራለት የደኅንነት ማዕከል ግን «አጋዘን» ይላታል። ዘይነዲን የኃይለልዑል ሹፌር ነበር። ኃይለልዑል በቡና ጭነት ሥር መሣሪያ የሚያመላልስ የሮቤ ነጋዴ ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ሊመሰክርበት የሚችል ቢኖር ይህ ሹፌር ብቻ ነው። እስከዳር ሪራ ጫካ ውስጥ ደብቃው ሰንብታለች።

የሚያወጡትን ቀን የመረጡት በኃይለልዑል በረራ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ከቦሌ ወደ ቻይናዋ ጓንጆ ይነሳል። አየር ላይ እያለ ሰዎቹን ማዘዝ አይችልም። በዚያ መሀል ዘይነዲን በጠዋቱ አውሮፕላን ከሮቤ አዲስ አበባ ይገባል።

የደወለው መልአኩ ነው፤ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ መስሎ የሚሠራው ባልደረባዋ። የኃይለልዑልን ስልክ የሚያዳምጠው እሱ ነው።

«መንገዱ ነጻ ነው። በጎባ በኩል ነይ።»

«ሰውዬውስ?»

«ጓንጆ ገብቷል። ከኤርፖርቱ ሲደውል ሰማሁት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በጆሮዬ ሰማሁ አልኩሽ እኮ!»

ሰዓቷን አየች። ጠዋት ሁለት ሰዓት።

ከቦሌ ጓንጆ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአሥር ሰዓት በላይ ያስበርራል። ከተነሳ ገና ስድስት ሰዓቱ። አውሮፕላኑ ሕንድን እንኳ በቅጡ አላለፈም።

መልአኩ ዋሽቷታል።

ኃይለልዑል አልበረረም።

ከጎባ በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርድ አይሱዙ ብቅ አለ። እጇን ዘረጋች። ሾፌሩ ረዲ ነበር፤ እናቱን አስታማለታለች።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ሲስተር? ምን ሆንሽ?»

«ረዲ፣ ይህን ሰው ዶሎ መና አድርስልኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ውጣ» አለው ረዲ ዘይነዲንን፤ ሌላ አልጠየቀም።

«አንቺስ ሲስተር?» አለ ዘይነዲን።

«እኔ ካልደረስኩ ተከትለው ይመጣሉ። ሂድ።»

ጎባ መግቢያ ላይ መልአኩ ብቻውን ቆሞ ጠበቃት። የኋላውን በር ከፈተ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የት አለ?»

«መቼ ነው የሸጥከን?»

«አልሸጥኩም! ዮዲን ይዘውብኛል። ሚስቴን! እሱን ካላመጣሁ ይገድሏታል። እስኩ፣ በእናትሽ፣ ደውይና መልሺው!»

ዮዲን ታውቃታለች። ባለፈው ፋሲካ እየሳቀች ያጎረሰቻት እሷ ናት።

ረዲ ገና ኔትወርክ ካለበት አልወጣም። ቁጥሩ ያለው እሷ ሲም ካርድ ላይ ብቻ ነው።

አውጥታ ሰበረችው።

መልአኩ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

«የት ነው ያስቀመጧት?»

«መጋዘኑ... ሮቤ፣ የቡናው መጋዘን።»

በእሱ ስልክ ለማዕከሉ ደወለች። «ሮቤ፣ የቡናው መጋዘን። ፍጠኑ» አለች።

ፈጠኑ። ኃይለልዑልን ከነሽጉጡ ያዙት። ዘይነዲንም አዲስ አበባ ገብቶ ቃሉን ሰጠ።

ዮዲን ግን በሕይወት አላገኟትም።

በቀብሩ ማግስት እስከዳር ለቅሶ ቤት ገባች። መልአኩ እስር ቤት ነው። ከዶዶላ የመጡት የዮዲ እናት፣ እማማ አሰገደች፣ እጇን ያዙ።

«ልጄን ታውቂያት ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማን ልበል?»

«ጎረቤት ነኝ።»

አሮጊቷ ግንባሯን ሳሟት። «እግዜር ይክፈልሽ፣ ልጄ» አሏት።

ከድንኳኑ ወጥታ ወደ መናኸሪያ ባጃጅ ያዘች። ሻሸመኔ ላይ ማዕከሉ ያዘጋጀላት፣ ሌላ ስም ያለበት መታወቂያ ይጠብቃት ነበር።