ትርፍ ነገር የሌለው ምስክርነት

መምህሩ በመጻሕፍት ክፍላቸው በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። መሰላሉ ከሥራቸው ተጋድሟል፣ ወፍራሙ ካፖርታቸው መሰላሉን ሸፍኖታል። አንዱ የመሰላሉ መርገጫ መሰበሩ የታየው ፖሊሶች ሬሳውን ሲያነሱ ነው። መጽሐፍ ሊያወርዱ ወጥተው ወደቁ የሚያሰኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ጭንቅላታቸውን መረመረና፣ «የወደቀ ሰው ሁለት ቦታ አይፈነከትም። ተመትተው ነው የሞቱት» አለ።

መርማሪዋ ሳሎን ገብታ ገና ሳትቀመጥ የሟች ታናሽ ወንድም ጣቱን ቀሰረ።

«እሷ ናት። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ማን ነበር? ይዘሽልኝ ሂጂ።»

የሚላት የሟችን ልጅ ነው። ዓይኗ ደም መስሎ ጥግ ላይ ቆማለች። የመርማሪዋ አለቃ ከወዲሁ ትታሰር ብሎ ስላዘዘ ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ይጠብቋታል።

ሦስተኛው ሰው ልቦለድ መጻፍ ልማር ብሎ መምህሩ ዘንድ ለዓመታት የተመላለሰ ጠበቃ ነበር። መምህሩ ግን መጻፍ አያስተምሩም፤ ማንበብ እንጂ። የሌላ ደራሲ አንድ ገጽ ፊቱ ያስቀምጡና፣ «ይህቺ ወንበር እዚህ ምን ትሠራለች? ብናወጣት ምን ይጎድላል?» እያሉ ያፋጥጡታል። ነፍስ ይማር እንጂ፣ ሰው ማዋረድ ይችሉበት ነበር።

ልጅቱ ስትጮህ አጎቷና ጠበቃው ውጭ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ሮጡ። ሦስቱም የክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመው አዩ። አጎትየው ወዲያው በሩን ዘጋ፣ ፖሊስ እስኪመጣም ማንም አልገባም። መርማሪዋ ለየብቻ ጠርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ «ደጃፉ ላይ ቆማችሁ ምን አያችሁ?»

«ምን አያለሁ? ወንድሜን ነዋ» አለ አጎትየው። «ሬዲዮው ይለፈልፋል። አንድ እግሩ ካልሲ የለውም። መስኮቱ ላይ ደግሞ አንድ ዝንብ፣ እንጃ ለምን እንደሆነ፣ አበገነኝ።»

ልጅቱ ቀና አላለችም። «ካፖርቱን አየሁ። ቁልፉ ተበጥሶ እተክልለታለሁ ብዬ ረስቼው ነበር። ሌላ አላስታውስም። ካላመንሽኝ ውሰጂኝና አጎቴ ይገላገሉ።»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከላይኛው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ጎድሏል። መጽሐፉ ወለሉ ላይ ወድቋል። የመሰላሉ መርገጫ ተሰብሯል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም አለ። በቃ።»

«ሬዲዮስ አልሰሙም?»

«ሬዲዮው ለነገሩ ምን ይጨምራል?»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሁለታችሁ የነገራችሁኝ ዝብርቅርቅ ነው» አለች። «ዝንብ፣ ቁልፍ፣ ካልሲ። የደነገጠ ሰው እንዲህ ነው፤ የቱ እንደሚጠቅም አያውቅማ።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «እርስዎ ግን አንድ ትርፍ ነገር አልነገሩኝም። ወጡ፣ ተሰበረ፣ ወደቁ፣ ሞቱ። እንዲህ አበጥሮ የሚመርጥ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«አስተውሎ ማየት ወንጀል ሆነ? ይህን ይዘሽ ፍርድ ቤት ብትቀርቢ መሳቂያ ነው የምትሆኚው።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ስለዚህ ወደ መርገጫው እንምጣ። ስብራቱ ከሬሳውና ከካፖርቱ ሥር ነበር። ከደጃፉ ላይ ማንም አያየውም። እኛ ያየነው ሬሳውን ስናነሳ ነው፤ ያን ጊዜ እናንተ እዚህ ሳሎን ነበራችሁ። ከሰበረው ሰው በቀር ማን ሊያውቅ ይችላል?»

ጠበቃው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመት የሌላ ደራሲ ገጽ ሲያስነብበኝ ኖረ» አለ። «ዛሬ በበረንዳው በኩል አስገባኝና የራሴን ድርሰት ሰጠሁት። አንድ ገጽ አነበበ። ከዚያ፣ ‹ሁሉንም ብናወጣው ምን ይጎድላል?› አለኝ። መጻሕፍቱን የሚደግፈው ብረት እጄ ላይ ነበር። ከዚያ መርገጫውን ሰብሬ፣ መሰላሉን ከሥሩ አጋድሜ፣ በበረንዳው ወጥቼ በውጭ በር ዞሬ መጣሁ።»

የሳሎኑ በር ላይ ልጅቱን ሲጠብቁ የነበሩት ሁለቱ ፖሊሶች እሱን ይዘው ወጡ።

አጎትየው እጁን ዘርግቶ ወደ ልጅቱ ተጠጋ። «የኔ ልጅ፣ በድንጋጤ ነው እኮ…»

ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው ኖራለች።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው። «አባቴ ሳይቀበር አንተ እኔን ቀብረኸኝ ነበር።»

አልፋው ወደ አባቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች።